ከምላስህ ሥር የነበረችው ክኒን

ይመሬ፣

አፈሩን ገለባ ያድርግልህ። ሚስትህ ዘነቡ ነኝ፤ ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሞላን። ሰዉ ሁሉ ጊዜ ያረሳሳል ይለኛል። የእነሱን ጊዜ አላውቅም፣ የእኔው ግን ጭራሽ ያስታውሰኛል። ይህችን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቻታለሁ። አንድ መስመር እጽፍና ብድግ እላለሁ። ያልጣድኩትን ድስት ላማስል እሄዳለሁ፣ የተዘጋውን በር ልዘጋ እሄዳለሁ። ብታየኝ፣ ምነው ዘነብዬ፣ ጉንዳን ወረረሽ እንዴ ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ሳቅብኝ፣ ግድ የለም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ማንጎው ዘንድሮ እንደ ጉድ አፍርቶ ቅርንጫፉን በባላ ደግፈነዋል። ከቦዩ ወዲያ ያሉት ሁለቱ ብርቱካኖች ግን ደርቀዋል፤ አንተ የተከልካቸው ስለሆኑ ማስቆረጡ አላስችል ብሎኝ እንዲሁ ቆመዋል። የውሃ አባትነቱን ሰዉ ተሰብስቦ ለታላቅ ወንድምህ ለጋሽ ሙሄ ሰጣቸው። ተራ ማውጣቱን፣ ቦዩን ማዳረሱን ያውቁበታል፤ ትዕግሥቱ ላይ ግን አንተን አይሆኑም። ባለፈው ሁለት ገበሬዎች በተራ ተጣልተው ቢመጡባቸው ሁለቱንም ተቆጥተው ውሃውን ለሦስተኛው ለቀቁለት። መርሳ ከተማ ሙሉ ሳቀ። ልጃችን ዘሀራ አሁንም ውርጌሳ ታስተምራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። ከስታለች። ብዪ ስላት በላሁ ትለኛለች፣ ሳህኑ ግን እንደቀረበ ይነሳል።

ዘሀራን ካነሳሁ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያ ሊያገባት የጠየቃት የሐራ ከተማው ልጅ፣ ከማል፣ ዓመቱን ሙሉ ጠብቋታል። እምቢ ያለችው እሷ ናት። አባቴን የገደለው የእኔ ጋብቻ ነው፣ ደስታው ልቡን አቆመው ትላለች። ሰዉም የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ ይመር እኮ በልጁ ሽምግልና ቀን ከደስታ ብዛት ልቡ ቆመ እያለ ለልቅሶ ደራሹ ሁሉ ሲያወራ ከረመ። አምሮ የሚነገር ነገር ስለሆነ እኔም ዝም አልኩ። አሁን ልጅቷ በስንት ልመና እሺ ብላ፣ ሽማግሌዎቹ የፊታችን ሐሙስ ዳግመኛ ይመጣሉ። በአንተ ቦታ ሆነው የሚቀበሏቸው ጋሽ ሙሄ ናቸው። እና ይመሬ፣ ጋሽ ሙሄንም ደረታቸውን ያማቸው ጀመር። ወልድያ ሄደው ተመረመሩና ክኒን ይዘው መጡ። ያችኑ ክኒን።

ቆይ፣ ውሃ ጠጥቼ ልምጣ።

መጣሁ። መጀመሪያ የታመምክበትን ጊዜ ታስታውሳለህ? የቦዩን አፍ ልትከፍት ወደ ላይ ስትወጣ ደረትህን ይዘህ ድንጋይ ላይ ተቀመጥክ። ነፋስ ነው አልከኝ። ነፋስ ግን በሽቅብ ብቻ አይመጣም ብዬ ጎትቼ ወልድያ ወሰድኩህ። ሐኪሙ ወደ ልብህ የሚሄደው የደም ሥር ጠቧል አለ። ብዙ መድኃኒት ሰጠህ፤ ከሁሉ ትንሿ ደረትህን ባመመህ ጊዜ ብቻ ከምላስህ ሥር የምታስቀምጣት ነጭ ክኒን ነበረች። የመጀመሪያዋን የወሰድክ ቀን ደረትህን ለቀቀህ፣ ራስህን ያዘህ። ፊትህ በርበሬ መሰለ፣ ጭንቅላትህን በሁለት እጅህ ይዘህ ቤቱን ዞርከው። ልቤን ትታ ራሴን ልታፈርሰው ነው የመጣችው አልክ። እኔም ፈርቼ ልጥላት ነበር።

አልጣልኳትም። ብልቃጧን በመቀነቴ ቋጥሬ ወደ መድኃኒት ቤቷ ልጅ ተመለስኩ። አንተም አብረኸኝ መጥተህ ነበር፤ ግን በር ላይ አንድ የሲሪንቃ ሰው አግኝተህ ስለ ማሽላ ስታወሩ ቀራችሁ። ልጅቷ ብልቃጡ ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ወረቀት አውጥታ በአማርኛ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ የደም ሥርን ያሰፋል አለችኝ። ራስ የሚያሳምመውም፣ ፊት የሚያቀላውም ያው መስፋቱ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ እየዋለ እያደረ ይቀንሳል፣ የራስ ምታቱ ከባሰ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ መድኃኒቱን በራሳችሁ አትተዉት አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ለወጠች። የሚያስፈራው ወስዷት በእግሩ መቆሙ ነው አለችኝ። የደም ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፣ ያዞራል፣ ይጥላል። ሲወስዳት ተቀምጦ ይውሰዳት፣ እስኪያልፍለት ድረስ አይነሳ፣ ሲነሳም ቀስ ብሎ የሚይዘው ነገር ይዞ ይነሳ። ሙቀት ሲሆንና ሆዱ ባዶ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ።

ነግሬሃለሁ፣ አልነገርኩህም አትበለኝ። እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ነገርኩህ። ምን አልክ? "እና ሰው ሲገባ ቁጭ ብዬ ልቀበለው? አብደሻል?" ብለህ ሳቅክ። አንተ ሰው! ለሕፃን ልጅ እንኳ ኖር ብለህ የምትነሳ፣ አንዴ ለጎረቤት በግ ተነስተሃል ብለን ስንት ዓመት የሳቅንብህ ሰው ነህ። ቦዩ ዳር ብቻህን ስትሆን ታዘዝከኝ፤ ከማንጎው ሥር ተቀምጠህ እስኪያልፍልህ ትጠብቅ ነበር። ሰው ባለበት ግን እግርህ አንተን አይሰማም ነበር።

አሁን የእኔ ጥፋት ይጀምራል። የከማል ወገኖች ሊመጡ ነው የሚለው ወሬ በዚያው ሰሞን ደረሰን። በሽታህን እንደብቅ ያልኩት እኔ ነኝ። የአባቷ ልብ ታማሚ ነው፣ በዘር የሚወርድ ነው፣ ነገ ልጇም ይታመማል ብለው ቢመለሱስ ብዬ ፈራሁ። ሰው ፊት ከታመምክ ወደ ግድግዳው ዞረህ አፍህን የምትጠርግ መስለህ ክኒኗን አስገባ ብዬ ያለማመድኩህ እኔ ነኝ። ለጋሽ ሙሄ እንኳ አልነገርናቸውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ መድኃኒቱን ጨምረን ነው የደበቅነው።

የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስክም። ሙቀቱም የጉድ ነበር። ከነጋ አሥር ጊዜ ምንጣፉን አስተካከልክ፣ አሥር ጊዜ ወደ መንገዱ አየህ። ከረፋዱ በኋላ ከውስጥ ክፍል ሳይህ ወደ ግድግዳው ዞረህ አፍህን ጠረግክ። ገባኝ። ላስቀምጥህ ብዬ ስመጣ ከአጥሩ ላይ ሰላምታቸው ተሰማ። ከተባለው ሰዓት ቀድመው መጡ። ከውስጥ ወጥተህ እንደ ወጣት ተቀበልካቸው፣ አራት ሆነው ገቡ፣ ከፊት ሸህ ያሲን።

ደንቡን ታውቃለህ። ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም፤ እነሱ ቆመው ደግሞ የቤቱ ባለቤት አይቀመጥም። ሸህ ያሲን ደግሞ ንግግር ያውቃሉ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀመሩ፣ በአንድ ቦይ ውሃ ስለ ጠጡ ሰዎች ተናገሩ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ዱዓውን ጨርሰው እንደገና ወደ ንግግሩ ገቡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ አንተን ብቻ ነበር የማየው። ፊትህ ቀላ። ትንሽ ቆይቶ አመድ መሰለ። ላብህ በጆሮህ ግንድ ወረደ። ቀኝ እጅህ ግድግዳውን ፈለገ።

መድኃኒት ወስዷል፣ ይቀመጥ። ይኸው ነበር ነገሩ፣ ሦስት ቃል። አፌ ላይ ነበር፣ ወላሂ አፌ ላይ ነበር። ግን ሸህ ያሲን "እንግዲህ ባጭሩ" ሲሉ ሰማሁና፣ አሁን ይጨርሳሉ፣ አሁን ይቀመጣሉ፣ ለትንሽ ነገር የልጄን ዕድል ላበላሽ ነው ብዬ ዋጥኩት። ወደቅክ። የመደቡ ጠርዝ ጭንቅላትህን መታህ። ዘሀራ ጮኸች።

ወልድያ ሦስት ቀን ተኛህ፤ አንዴም ዓይንህን አልገለጥክልኝም። አንዱ ሐኪም ልቡ ነው አለ፣ ሌላው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል አለ። ምን መድኃኒት ይወስዳል ብለው ጠየቁኝና ብልቃጦቹን ሁሉ አሳየኋቸው። ከወሰዳት በኋላ ቆሞ ነበር ወይ ብሎ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። መርሳ አምጥተን ከዐስር ሶላት በፊት ቀበርንህ። የባል ሐዘን ወራቴን፣ ዒዳዬን ጨረስኩ፣ ሰደቃህን አወጣሁ፣ ሰዉም በደስታ ሞተ እያለ አጽናናኝ። አንዳንዴ እኔም አምኜው አድራለሁ፤ ሲነጋ ግን ያ እጅህ ግድግዳውን ሲፈልግ ይመጣብኛል።

ሰኞ ዕለት ወልድያ ሄጄ ነበር። ገበያ ነው ብዬ ለዘሀራ ዋሸኋት። ያችኑ የመድኃኒት ቤት ልጅ ወረቀቱን እንደገና አንብቢልኝ አልኳት። ይህ ሁለተኛዬ ነው። ራስ ምታት፣ መቅላት፣ ማዞር፣ ግፊት መውረድ፣ ራስ መሳት፤ ጣቷን እያሳለፈች ነገረችኝ። እኔ በየመስመሩ አንተን ፈለግኩ። "ለማን ነው እናቴ?" አለችኝ። ለባለቤቴ አልኳት። "እንዴት ናቸው አሁን?" ስትለኝ ደህና ነው ብዬ ወጣሁ። ምን ልበላት?

ማክሰኞ ለጋሽ ሙሄ ስለ መቀመጡ ነገርኳቸው። ልክ እንደ አንተ ሳቁ። ሳቃችሁ እኮ አንድ ነው፣ አንገት ወደ ኋላ። ያሉኝን ብነግርህ ደስ አይልህም። "ይመር ቆሞ የተቀበላቸውን ሰዎች እኔ ተቀምጬ ልቀበላቸው? ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ስለ በሽታዬ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ የዘሀራን ነገር ሁለተኛ እንዳናበላሽ" አሉኝ። አየህ? እኔ ዝም ስላልኩ የአንተ መቆም ክብር ሆኖ ቀረ። አሁን ወንድምህ ያንን ክብር ሊደግሙት ነው። ብናገር ልጄ ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ የከማል ወገኖችም ያን ቀን እንዳታለልናቸው ያውቃሉ። ዝም ብል ደግሞ ከዚያው መጋረጃ ወዲህ ቆሜ ሁለተኛ ሰው ሲወድቅ አያለሁ። ነገ ነው ሐሙስ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ይመሬ፣ ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሰዉ ከጁምዓ እየተመለሰ ነው። የሆነውን ልንገርህ።

ጋሽ ሙሄ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው ማለዳ መጡ። ቁርስ አቀረብኩላቸው፣ በግድ ሁለት ጉርሻ ጎረሱ፤ ይህቺን እንኳ አሸነፍኩ አልኩ። ከረፋዱ ላይ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው የሚል ስልክ ሲመጣ ወደ ግድግዳው ዞረው አፋቸውን ጠረጉ። እሳቸውን ማንም አላለማመዳቸውም። ተቀመጡ አልኳቸው፣ ተቀመጡ። ከዚያ ከአጥሩ ላይ ሰላምታው መጣና ተነሱ።

ሸህ ያሲን ዘንድሮ ምርኩዝ ይዘዋል። ገቡ፣ እንደ ደንቡ ቆሙ፣ ጋሽ ሙሄም ቆሙ። ሸህ ያሲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ወጣ እንጂ ደፍሬ ወጣሁ አልልህም። የእናት ቦታ ከውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ነገሩ ሳያልቅ ሽማግሌ ፊት መውጣት ነውር እንደሆነም አውቃለሁ። መካከላቸው ቆሜ፣ ጋሽ ሙሄ የልብ ታማሚ ናቸው፣ አሁን መድኃኒት ወስደዋል፣ መቆም የለባቸውም አልኩ። ጋሽ ሙሄ ዘነቡ! ብለው ተቆጡ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ ማን ያቆመኛል? ይመርም ታማሚ ነበር አልኩ። ያን ቀን ይህችኑ ክኒን ወስዶ ነበር፣ መቆም እንደሌለበት አውቅ ነበር፣ ልጄን እንዳትተዉብኝ ብዬ ደበቅኳችሁ፣ ሲንገዳገድም እያየሁ ዝም አልኩ። በደስታ አልሞተም አልኳቸው። ከመጋረጃው ወዲያ የዘሀራ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር።

ጋሽ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው መደቡን ፈለጉ፣ ያዝኳቸውና ተቀመጡ። ከዚያ ሸህ ያሲን፣ ጉዳያቸውን አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። የቀሩትም ተከትለዋቸው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር በአገሩ ታይቶ አይታወቅም ብሎ የተነሳ ሰው የለም። ሸህ ያሲን ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ያን ቀን ብትነግሪን እኮ ተቀምጠን እናወራው ነበር" አሉኝ።

ይኸው ነው ያሉኝ። ዓመት ከሁለት ወር ይህን ያህል ተራራ አድርጌ የተሸከምኩት ነገር ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ብቻ ነበር፤ እነሱን ምንም አያስወጣቸውም ነበር። ቆመው ዱዓ ያደርጉልህ የነበሩትም በሕይወት እንድትኖርላቸው ነበር። አልቅሼ የማላውቀውን አለቀስኩ፣ ሰው ፊት።

ከዚያ በኋላ ጉዳያቸውን ተቀምጠው ተናገሩ። ባጭሩ ተናገሩ፣ ብታይ ይገርምህ ነበር። ጋሽ ሙሄም ተቀምጠው መለሱ፤ ፊታቸው ቀልቶ፣ ራሳቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ ግን ተቀምጠው። ዘሀራን ሰጠናት። የከማል ወገኖች በሽታውን ሰምተው አልሄዱም። እንዲያውም ከመካከላቸው አንዱ ሲወጣ ጠጋ ብሎ የመድኃኒቱን ስም ለእህቱ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ሐኪም ይየሽ በላት እንጂ የሰው መድኃኒት አይሰጣትም ብዬ መለስኩለት።

ዘሀራ ግን ትናንት ሙሉ ቀን አላናገረችኝም። ምግቡን ሠራች፣ ቤቱን ጠረገች፣ በአጠገቤ አለፈች። ዛሬ ጠዋት ወደ ውርጌሳ ከመሄዷ በፊት በር ላይ ቆመችና፣ "አባዬ ምን ያህል ጊዜ ነው የቆመው?" አለችኝ። ብዙ አልኳት። "እኔ አልገደልኩትም እንግዲህ" አለች። አልገደልሽውም አልኳት። ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። ይቅር አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። እሷ የራሷን ሸክም አውርዳ ሄደች፣ እኔ የእኔን ይዤ ቀረሁ። እንዲህ መሆኑ ይሻላል መሰለኝ።

አንተስ ይመሬ? አንተ ይቅር ትለኛለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ስለማውቅህ ነው የማልጠይቅህ። አንተ ከመቃብር ብትነሳ መጀመሪያ የምትለው፣ ለእንግዶቹ ምሳ ቀርቦላቸዋል ወይ ነው። ቀርቦላቸዋል። በልተው መርቀው ነው የሄዱት።

እኔ ግን ቃሌን ልስጥህ። እስከ ዛሬ ያስታወስኩህ ሰዉ ባሳመረው ወሬ ነበር፤ ከእንግዲህ እንደሆንከው አድርጌ ነው የማስታውስህ። ለሠርጉ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ይመር እኮ በደስታ ሞተ ሲለኝ፣ አይደለም እላለሁ። ሰው አክብሮ ቆሞ ነበር፣ ተቀመጥ የሚለው ጠፍቶ ወደቀ እላለሁ። ማን ነበር የሚለው ብለው ከጠየቁኝም እነግራቸዋለሁ። እኔ ነበርኩ።

ዘነቡህ